ታሞክሲፈንና ማኅፀን፦ ስለ ክትትላችን አንዳንድ ሒሳዊ ነጥቦች

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚከሰቱት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው። ዕጢያቸው የኤስትሮጅን ተቀባይ ላለው ታካሚዎች ታሞክሲፈን ዋጋው ዝቅተኛ፣ አወሳሰዱም ቀላል የሆነ መድኃኒት ነው። ለ5 ዓመት ሲወሰድ በበሽታው የሚደርሰውን ሞት በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ሰፊ የጥናቶች ትንተና አረጋግጧል። ይኸው መድኃኒት ግን በጡት ላይ ኤስትሮጅንን ሲከላከል በማኅፀን ላይ እንደ ኤስትሮጅን ይሠራል። በዚህም የተነሳ የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን ሊያወፍር፣ ፖሊፕ ሊያስከትል፣ አልፎ አልፎም ለካንሰር ሊዳርግ ይችላል።

በዚህ ረገድ የአሠራራችን ችግር ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው ዝምታ ነው፤ መድኃኒቱ ለዓመታት ይታዘዛል፣ ስለ ደም መፍሰስ ግን አይጠየቅም፣ አይነገርምም። ሁለተኛው ከመጠን ያለፈ ሥጋት ነው፤ ይኸውም ምንም ምልክት የሌላትን ሴት ሁሉ በየዓመቱ ለአልትራሳውንድ መላክ ነው። ሁለቱም ከማስረጃው ጋር አይስማሙም።

እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ይፋ በሆነው የመከላከል ጥናት ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ሴቶች የማኅፀን ሽፋን ካንሰር በዓመት ከ1,000 ሴቶች ከ1 በታች ከነበረበት ወደ 3 ገደማ ከፍ ብሏል። ከዚያ በታች በሆኑት ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። በሀገራችን ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ገና ያላረጡ በመሆናቸው ይህ የሚያጽናና ነው። ሆኖም በ45 ዓመቷ የጀመረች ሴት ሕክምናውን ሳትጨርስ ልታርጥ ትችላለች። ሕክምናው ወደ 10 ዓመት ሲራዘም ደግሞ አደጋው እንደሚጨምር አትላስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 አሳይቷል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የተሰጠ ምክር ብቻውን አይበቃም።

ታሞክሲፈን ካንሰር በሌለበትም የማኅፀኑ ሽፋን በአልትራሳውንድ ወፍሮ እንዲታይ ያደርጋል። ውጤቱም አላስፈላጊ የማኅፀን ጠረጋ፣ ወጪና ጭንቀት ነው። የአሜሪካ የጽንስና ማኅፀን ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ምልክት ለሌላቸው ሴቶች መደበኛ አልትራሳውንድን አልመከረም። በአንጻሩ ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት፣ ጠብታም ቢሆን፣ የናሙና ምርመራ ያስፈልጋታል።

የኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በአየር ጤና ወይም በዘነበወርቅ የምትኖር ሴት መድኃኒቷ በካንሰር ሕክምና ክፍል ቢታዘዝላትም፣ ሌላ ሕመም ሲሰማት አስቀድማ የምትሄደው በቅርቧ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። በዚያ ያለው ባለሙያ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ካልጠየቀ፣ የደም መፍሰሱ እንደ ተራ ኢንፌክሽን ታክሞ ጊዜ ያልፋል። አንዳንድ እናትም ደም ሲያያት ቤተ መቅደስ ሳትገባ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች እንጂ ለሐኪም መናገር ታፍራለች። ካልተጠየቀች ላትናገር ትችላለች።

ያላረጠችውን ሴት በተመለከተም ሊታረም የሚገባው ነገር አለ። ታሞክሲፈን የወር አበባን ሊያዛባ ወይም ሊያቆም ይችላል፤ እርግዝናን ግን አይከላከልም፣ ጽንሱንም ሊጎዳ ይችላል። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት «ከመድኃኒቱ ነው» ተብላ ከመሸኘቷ በፊት የእርግዝና ምርመራ ያስፈልጋታል። በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው የሦስት ወር መርፌ ሆርሞን ስለሆነ ለእርሷ አይሆንም፤ ሆርሞን የሌለው ሉፕ ወይም ኮንዶም ይመረጣል።

እንግዲህ ይህን ለማስተካከል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ቀጠሮ «ካለፈው ወዲህ ያልተለመደ ደም አይተዋል ወይ? የወር አበባዎስ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱን በካርዱ ላይ መጻፍ፣ ያረጠች ሴት ደም ካየች ሳይዘገይ ወደ ማኅፀን ሐኪም መላክ ይበቃል። ስለ ማኅፀን ሰምታ በፍርሃት መድኃኒቱን ብታቋርጥ ግን የሚደርስባት ጉዳት ከተፈራው ይበልጣል። ስለሆነም ጥቅሙንና አደጋውን ለያይተን ሳይሆን በአንድነት እንንገራት።