ክረምት ያላየ ቤት

አዲስ አፓርታማ የምትረከቡ ሰዎች፣ ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ በሐምሌ ተረከቡ። ማንም እንዲህ ብሎ አይመክርም። ጭቃ ነው፣ ዕቃ ማጓጓዝ ያስቸግራል፣ ቀለምም ቶሎ አይደርቅም። እኔ ግን መሐንዲስ ነኝ፤ እንጀራዬ ገዢን ወክዬ ቤት መረከብ ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የሚጎበኝ ቤት እንዴት እንደሚያምር አውቃለሁ። ጣሪያው ገና ዝናብ አልያዘም። የመስኮቱ ጠርዝ በሲሊኮን ይታሸግ አይታሸግ የሚያጋልጥ ወጨፎ የለም። ከመሠረቱ ሥር ያለው መረሬ አፈርም ደርቆ፣ ተኮማትሮ፣ ዝም ብሏል።

ይህን ያነሳሁት ስለ ዋስትና ለመናገር ነው። እጄ ከገቡት የአፓርታማ ውሎች በርካቶቹ የ6 ወር ዋስትና የሚሰጡ ናቸው። በመስከረም ቁልፍ የተቀበለ ሰው ዋስትናው በመጋቢት ያበቃል፤ ክረምቱ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። ውሉን ያረቀቀው ሰው የቀን መቁጠሪያ ፊቱ ዘርግቶ ይሆን እንዴ እላለሁ አንዳንዴ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት የማያካትት ዋስትና ለእኔ የሽያጭ ማስታወቂያ ነው።

ሕጉ ከውሎቹ ይልቅ ቸር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2876 ገና ያልተሠራን ቤት ወይም አፓርታማ ሠርቶ ለማስረከብ የሚደረግን ውል ሽያጭ አይለውም፤ የሥራ ውል ነው ይላል። የጠበቆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ገዢው በዚያ በር ገብቶ አንቀጽ 3039 ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ደግሞ ሠሪው ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ዋስ ይሆናል። በአሠራር ጉድለት ለሚመጣ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ቤቱ በቆመበት መሬት ጠባይ የተነሳ ለሚደርሰውም ይጠየቃል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃል ደግሞ ፈራሽ ነው። ያለቀለትን ቤት ከገበያ ለገዛ ሰው ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ እሱ በሽያጭ ሕግ ይዳኛል። ስለዚህ ለሚያማክረኝ ሁሉ በመጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ ውሉን ስትፈርሙ ቤቱ ቆሞ ነበር ወይ የሚል ነው።

የመሬቱን ጠባይ ነገር ልብ በሉልኝ። ከቦሌ እስከ አቃቂ ብዙ ሰፈር ላይ መረሬ አለ። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ትልቁ ሕንፃ በጥልቅ መሠረት ቢተርፍ እንኳ የግቢው ንጣፍ፣ አጥሩ፣ የምድር ቤቱ ወለልና ከሥሩ ያለፈው የፍሳሽ ቱቦ ይንቀሳቀሳሉ። ልስን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙ አያስጨንቀኝም፤ ሲሚንቶ ሲደርቅ የሚያመጣው ነው። ብሎኬቱ ከአርማታው ምሰሶ ጋር በሚገናኝበት መስመር ቀጥ ብሎ የሚወርደውንም አውቀዋለሁ፤ መረብ ሳያደርጉ ለስነውት ነው። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄደው ግን ሌላ ነው። እሱን ስሰልል ሁለቱ ጫፎች ላይ በእርሳስ ሠረዝ አድርጌ ቀኑን ከጎኑ እጽፋለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከክረምቱ በኋላ ተመልሼ አያለሁ። ሠረዙን አልፎ ከሄደ ጉዳዩ የቀለም አይደለም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምወስደው መታጠቢያ ቤት ላይ ነው። የወለሉን ማፍሰሻ ደፍኜ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ አቁርበታለሁ፤ በማግሥቱ ታች ቤት ወርጄ ጣሪያውን በእጄ እዳስሳለሁ። ፎርማኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ሁሉ ለምንድነው? ሴራሚኩ ሳይነጠፍ በፊት ተፈትኗል እኮ!»

«እሺ ወንድሜ፣ ሲፈተን የተፈረመበትን ወረቀት አሳየኝ።»

ወረቀቱ አይገኝም። ሴራሚኩን በቁልፍ ጀርባ አንኳኳለሁ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን በኖራ ምልክት አደርግበታለሁ። ሶኬቶቹ ሦስተኛ ቀዳዳ ስላላቸው ብቻ የመሬት መስመር አላቸው ማለት አይደለም፤ መለኪያ ይገባባቸዋል። በርና ኪችን ካቢኔት ላይ ብዙ አልቆይም፤ የእነሱን ገዢው ራሱ ያየዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንዲት ወረቀት ነው። የርክክብ ቅጹ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ታትሞ ይመጣል፤ «ቤቱን ያለ ምንም ጉድለት ተረክቤያለሁ» ይላል። የ10 ዓመቱ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚህ ቀን ነው። በግልጽ ይታይ የነበረ ጉድለት ሳይመዘገብ ከቀረ ደግሞ ነገ «አይተው ነው የተቀበሉት» ይባላል። ዓረፍተ ነገሩን በእስክሪብቶ ሰርዤ የጉድለቶቹን ዝርዝር ከፎቶ ጋር አባሪ አደርጋለሁ፤ ለእያንዳንዱ የሚጠገንበት ቀን አስቀምጣለሁ። ባለቤቱ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሲሆን ችግሩ ይከፋል። በውክልና የሚረከበው ወንድም ወይም እናት ነው፤ ለልጃቸው ቤት ከልባቸው ደስ ስላላቸው ነገር ማብዛት አይፈልጉም። አንዲት እናት «ልጄ፣ ቁልፉን ይዘን በኋላ ብናስተካክለው ምን አለበት?» አሉኝ። «እማማ» አልኳቸው፣ «ቁልፉን እስኪወስዱ ድረስ የሚደውሉት እነሱ ናቸው። ከወሰዱ በኋላ የሚደውሉት እርስዎ ነዎት።»

እውነቱ ይኸው ነው፤ የገንዘብ ጉዳይ ነው። መንግሥት ትምህርት ቤት ሲያሠራ ከሥራ ተቋራጩ ክፍያ ላይ ሪቴንሽን ይይዛል፤ የተለመደው 5 በመቶ ነው። በመጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ተቋራጩ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ጉድለቱን እየጠገነ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ነው የመጨረሻው ርክክብ። መሐንዲስና የሕግ ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት እንዲህ እየተጠነቀቀ፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን የሚያወጣ ግለሰብ ቁልፉን ሳያይ መቶ በመቶ ይከፍላል። ዋስትናን ማሻሻል ከተፈለገ እኔ የምጀምረው ከዚህ ነው። የመጨረሻዋ 5 በመቶ አንድ ክረምት እስኪያልፍ በባንክ ዝግ ሒሳብ ትቀመጥ። አልሚዎች ዋጋ ይጨምራል ይላሉ፤ ፌሮና ሲሚንቶ በየወሩ ዋጋው በሚገለባበጥበት ገበያ የጥሬ ገንዘባቸው ጭንቀት ሐሰት አይደለም። ለዚያም መላ አለው፤ ተቋራጮች በመንግሥት ሥራ ላይ እንደሚያደርጉት በሪቴንሽኑ ፈንታ የባንክ ዋስትና ያቅርቡ።

የ10 ዓመቱ ጉዳይ ግን በ5 በመቶ አይፈታም። በ8ኛው ዓመት ምሰሶ ቢሰነጠቅ የሠራው ድርጅት ፈርሶ ሊሆን ይችላል፤ የሚከፍል ከሌለ አንቀጽ 3039 ለማን ይጠቀሳል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ የ10 ዓመት ኃላፊነት በአገራቸው ሕግ የቆየ ነገር ነው። ፈረንሳዮች ግን እዚያ አላቆሙም። እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ሕግ ይህን ኃላፊነት በግዴታ ኢንሹራንስ ደገፉት፤ የቤቱ ባለቤት መጀመሪያ ጥገናው ይከፈለዋል፣ ጥፋተኛው ማነው የሚለውን ክርክር ኢንሹራንሶቹ በኋላ እርስ በርሳቸው ይጨርሱታል። እኛ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘን ቀረን። እንደ ባለሙያ የምወድለት ጎን ደግሞ ሌላ ነው፦ ለ10 ዓመት ገንዘቡን የሚያስይዝ ኢንሹራንስ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፌሮውን ሊቆጥር ይመጣል። ያኔ የተገኘ ስሕተት በመዶሻና በሽቦ ይታረማል። እኔ የምደርሰው ልስኑና ቀለሙ ሁሉን ከሸፈነው በኋላ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትን የሚመለከት አዋጅ ጸድቋል። ዝርዝር ደንብና መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች ቢሰሙኝ አንድ ተጨማሪ ነገር እለምናቸው ነበር። ዋስትናው ሰውየውን ሳይሆን ቤቱን ይከተል፤ በሦስተኛው ዓመት የገዛው ሁለተኛ ባለቤት የሚያፈስ ጣሪያ ብቻ ወርሶ እንዳይቀር።

ጣሪያ ካልን ደግሞ፣ እሱን ማንም አይረከበውም። እኔ የምጠራው ለአንድ ደንበኛ ለአንድ ቤት ነው። ጣሪያው፣ አሳንሰሩ፣ የውሃ ፓምፑና የፍሳሽ ጉድጓዱ የሁሉም ናቸው፤ በጋራ ሊረከባቸው የሚገባው የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚቋቋመው ደግሞ ሰው ገብቶ፣ ተጣልቶ፣ ከታረቀ በኋላ ነው። ያኔ «ስንሰጣችሁ ደህና ነበር» ይባላል። እስከዚያው ድረስ ወደ ጣሪያ የሚያወጣውን በር ክፈቱልኝ እላለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከዝርዝሬ ግርጌ የምጽፈው ግን «ጣሪያ፦ ቁልፉን የያዘው ሰው ስላልተገኘ አልታየም» የሚል ነው፤ ከሥሩም ፎርማኑን አስፈርማለሁ።