ዝናብ፣ ጭቃና የአራት ዓመት ፈረስ

ዝናብ ነው ብላችሁ እንዳትቀሩ! እንዲያውም ዝናብ ስለሆነ ሂዱ። እንግሊዝ አገር፣ በሚያዝያ ወይም በጥቅምት፣ ሰማዩ ወርዶ ሜዳው ላይ የተኛ በሚመስልበት ቀን፣ ለጋ ፈረሶች የሚወዳደሩበት የአንድ ቀን ኢቬንቲንግ ካለ ቡትስ ጫማችሁን አጥልቃችሁ ሂዱ። የፈረስ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ደስ ይለኛል፤ ጉግስም፣ የእሽቅድምድም ሜዳም አይቻለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ልቤን አንጠልጥሎ ያዋለኝ ግን ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገር እስካሁን ማንም አለመናገሩ ይገርመኛል፤ ሰው ይህን እያወቀ እንዴት ዝም ይላል?

ላላየው ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ኢቬንቲንግ አንድ ፈረስና አንድ ጋላቢ አብረው የሚወጡት የሦስት ፈተና ውድድር ነው። መጀመሪያ ድሬሳዥ፤ በተለካ ሜዳ ላይ ፈረሱ በእርጋታ እየተራመደ፣ በሶምሶማና በዳንግላሳ እየተቀባበለ፣ በታዘዘበት ቦታ ይዞራል፣ ይቆማል፤ ዳኛው ለእያንዳንዷ እንቅስቃሴ ከ10 ነጥብ ይሰጣል። ቀጥሎ የመሰናክል ዝላይ፤ ሲነኩ የሚወድቁ ባለቀለም አግዳሚዎች ናቸው፣ አንዱ በወደቀ ቁጥር 4 የቅጣት ነጥብ። መጨረሻ ላይ አገር አቋራጭ። አዎ፣ እኛ በሩጫ የምናውቀው አገር አቋራጭ፣ ግን በፈረስ ጀርባ፦ ዳገትና ቁልቁለት፣ የማይነቃነቅ ግንድ፣ ጉድባ፣ ቁጥቋጦ፣ ውሃ፤ በስተቀኝ ቀይ፣ በስተግራ ነጭ ባንዲራ፣ ማለፊያው በመሃላቸው ብቻ። ቅጣቱ ተደምሮ ያነሰው ያሸንፋል። ትልልቆቹ ውድድሮች ይህን ለቀናት ያከፋፍሉታል። እዚህ ግን ጠዋት ጋማዋ ተጎንጉኖ በነጭ ጓንት የታየችው ባዝራ፣ ከሰዓት በኋላ እስከ ጆሮዋ ጭቃ ለብሳ ስትጋልብ ታያላችሁ!

ለጋ የምለው አራት ወይም አምስት ዓመት የሆነውን ነው። ለእንደዚህ ያለ ጀማሪ የሚሆኑት ደረጃዎች መሰናክላቸው 80፣ 90 ወይም 100 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለፈረስ ጉልበት ይህ ምንም አይደለም። ከባዱ ሌላ ነው። ይህ ፈረስ ከጋጣው ርቆ የወጣበት ቀን በጣት ይቆጠራል። ጃንጥላ ሲከፈት ይደነብራል። የሻይ ድንኳኑ ሸራ በነፋስ ሲንጓጓ ይደነብራል። ጓደኛው ፈረስ ከዓይኑ ሲሰወር አገር ይያዝልኝ ይላል። አሁን በዚህ ሁሉ ላይ ዶፍ ጨምሩበት!

ዝናቡ የሚያደርገው ከድሬሳዡ ይጀምራል። ፈረስ በተፈጥሮው ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ፊቱን አዙሮ ጀርባውን ይሰጣል፤ ግጦሽ ላይ ያሉትን ተመልከቱ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው ይቆማሉ። ድሬሳዡ ግን ቀጥታ ወደ ነፋሱ ሂድ፣ አንገትህን አጉብጥ፣ ጆሮህን አቁም ይለዋል። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በሜዳው ራስ በቆመ መኪና ውስጥ ነው፤ ጀምር የሚለው ምልክትም የመኪናው ክላክስ ነው። ፈረሱ መስመሩን ይዞ ወደ መኪናው ሲቀርብ ዋይፐሩ ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ ይላል። ለአራት ዓመት ፈረስ ይህ ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው! አንዲት ዳማ ባዝራ እዚያ ስትደርስ አራት እግሯን ዘርግታ ቀጥ ብላ ቀረች። ጋላቢዋ አልመታቻትም፣ አልጎተተቻትም፤ እጇን ሁለት ጣት ያህል ወደፊት ለቀቀችላት፣ እግሯን በቀስታ አስጠጋች፣ ትንፋሿን አወጣች። ባዝራዋም ትንፋሿን አወጣች። ከዚያ ተራመደች። በዚያ እንቅስቃሴ ላይ የተሰጣት ነጥብ ዝቅተኛ ነው፤ እኔ ግን ያን ዕለት ካየሁት ሁሉ ከፍ አድርጌ የምይዘው እሱን ነው።

ስለ ታኬታው ሳልናገር አላልፍም፤ ይህን ሳውቅ ጮኼ ነበር ማለት ይቻላል። ፈረሶቹ ታኬታ ያደርጋሉ! በብረት ጫማቸው ላይ የተበሳ ቀዳዳ አለ፤ ጋላቢው ወይም ረዳቱ ከውድድሩ በፊት ቀዳዳውን ይጠርግና እንደ መሬቱ ሁኔታ እየመረጠ የብረት ጥርስ በቁልፍ ያጠብቅበታል። ደረቅ መሬት ከሆነ ትንሽና ሹል፣ ማጥ ከሆነ ትልቅና ወፍራም። ሰው ዝናብ ላይ ተንበርክኮ፣ የፈረስ ሰኮና ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ በቀዘቀዘ ጣቱ ጥርሶቹን ሲያጠብቅ የሚታየው በራሱ የፍቅር ሥራ ነው። በተሳሳተ ታኬታ የገባ ፈረስ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ አንዴ ከተንሸራተተ እግሩን ብቻ ሳይሆን ድፍረቱንም ይጎዳል፣ የለጋ ፈረስ ድፍረት ደግሞ ቶሎ አይመለስም።

የመሰናክል ዝላዩን በፍጥነት ልለፈው፤ ቆንጆ ነው፣ አግዳሚው ሲረጥብ ይበልጥ ያስጨንቃል፣ ግን የቀኑ ልብ እሱ አይደለም። የቀኑ ልብ አገር አቋራጩ ነው።

ከመነሻው ሳጥን ይጀምራል። ከእንጨት የተሠራ፣ ፊቱ የተከፈተ ትንሽ በረት ነው፤ ሰዓት ያዡ ከ5 ወደ ታች ይቆጥራል፣ ከዚያ ሂድ! በ90 ሴንቲ ሜትሩ ደረጃ የሚጠበቀው ፍጥነት በደቂቃ 450 ሜትር ነው። ከተወሰነው ሰዓት በላይ ለቆየባት ለእያንዳንዷ ሴኮንድ 0.4 ነጥብ ቅጣት አለ፤ አሥር ሴኮንድ መዘግየት አንድ አግዳሚ የመጣል ያህል ማለት ነው። አሁን ይህን አስቡ፦ ጋላቢው ከድሬሳዡና ከዝላዩ በኋላ በአንደኛነት እየመራ ነው። ዝናቡ አልቆመም። ከእሱ በፊት ሠላሳ ፈረስ ያለፈበት ቁልቁለት ወደ ማጥ ተቀይሯል። ሽምጥ ቢጋልብ የአሸናፊነቱ ሪባን የሱ ነው። እሱ ግን ዛቡን ሰብሰብ አድርጎ በቀስታ ይወርዳል፤ ፈረሱ እግሩን የሚያሳርፍበትን እስኪመርጥ ይጠብቀዋል፤ ከታች ሲደርስ አንገቱን መታ መታ ያደርገዋል። ሰዓቱ ይሄዳል፣ አንደኛነቱ ይሄዳል፣ እሱ ግድም አይሰጠው። ፈረሱ ዛሬ የሚማረው ቁልቁለት ላይ ጌታዬ አያጣድፈኝም የሚለውን ነው፤ ይህን የተማረ ፈረስ በስምንት ዓመቱ ምን እንደሚሠራ ጋላቢው ያውቃል። ሆን ብሎ እንዲህ የሚሸነፍ ሰው ሌላ የት ስፖርት ላይ ታያላችሁ? ገና ሳይጀምሩ ዛሬ መሬቱ ለዚህ ልጅ አይሆንም ብለው ፈረሳቸውን ጭነው የሚመለሱም አሉ፤ እነሱንም ከልቤ አከብራለሁ።

ከዚያም ውሃው። እናንተዬ፣ ውሃው! ጥልቀቱ ለእኛ ጉልበት እንኳ የማይደርስ ነገር ነው። ፈረሱ ግን ይህን አያውቅም። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ሁሉ ከሞላ ጎደል ያያል፤ አፍንጫው ሥር ያለውን ግን አያይም፣ የደፈረሰ ውሃ ጥልቀት ደግሞ ማንም በዓይኑ አይለካውም። ዝናብ ሲዘንብበት ከላይ እየፈላ ነው የሚመስለው። ለፈረሱ ይህ መጨረሻው የማይታወቅ ጉድጓድ ነው፤ ግባ የሚለው ደግሞ ጀርባው ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። በጠዋቱ ዋይፐር ፈርታ የነበረችው ዳማ ባዝራ መጣች። ጆሮዋ ወደፊት ቀጥ፣ እርምጃዋ አጠረ፣ ጠርዙ ላይ ደርሳ ቆመች። አንዴ እምቢ ማለት 20 ነጥብ ነው። ሪባኑ እዚያው ቀረ። ጋላቢዋ ግን ፊቷ አልተለወጠም፤ ክብ አዙራ አመጣቻት፣ በዚህኛው ጊዜ በሶምሶማ፣ ልጓሙን ቀለል አድርጋ፣ እየተናገረቻት። ባዝራዋ አንገቷን አውርዳ ውሃውን አሸተተች፣ ፍርር አለች፣ አንድ ጆሮዋን ወደ ጋላቢዋ መለሰች። ያቺ ጆሮ! ከዚያ አንድ እግር። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ዘልላ ገባች፤ ውሃው ከራሳቸው በላይ ተረጨ፣ በማዶው በኩል ግንዱን እየበረረች አለፈች፣ እኛ ዳር የቆምነው ሁሉ፣ ተዋወቅን አልተዋወቅን፣ እልል ከማለት የቀረን የለም!

የደነገጠች እንስሳ ሰውን ለማመን ስትወስን፣ ውሳኔው ራሱ፣ በዓይን የሚታይበት ቦታ ነው ይህ። ትልቁ ፈረስ ሥራውን ስለሚያውቅ ይህን ቅጽበት አያሳይም፤ ደረቅ ቀንም ይደብቀዋል። መሪዎቻችንን በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያልን ለጠራን ሰዎች ፈረስና ሰው እስከ ስም ድረስ ሊዋሐዱ እንደሚችሉ ማስረዳት አያሻም። ያ ውሕደት ሲጀመር ምን እንደሚመስል ግን እኔ ያየሁት በዚያ ኩሬ ጠርዝ ላይ ነው።

የኢቬንቲንግ ሥሩ ከጦር ሠራዊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ሲጀመር ለጦር መኮንኖች ብቻ ነበር፤ የጦር ፈረስ በሰልፍ ጨዋ፣ በሜዳ ደፋር፣ ደክሞም ጤነኛ መሆኑ ይፈተንበት ነበር። ሴቶች የገቡት በ1964 ቶኪዮ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ ላና ዱ ፖንት ዝናብ ባጨቀየው አገር አቋራጭ ሁለት ጊዜ ከነፈረሷ ወድቃ፣ ሁለቴም ተነስታ፣ ጭቃ እንደለበሰች ጨረሰች፤ ቡድኗም ብር አገኘ። እዚያው ቶኪዮ፣ በ2021፣ ጀርመናዊቷ ዩሊያ ክራየቭስኪ በግል ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ወንድና ሴት አንድ መዝገብ ላይ፣ በአንድ መለኪያ ይወዳደራሉ፤ ይህም ከምወድበት ምክንያት አንዱ ነው።

ሌላው የምወድለት ነገር፦ ለጋ ፈረስ ያለው ሁሉ፣ ታላቁም ታናሹም፣ እዚሁ ጭቃ ላይ መምጣቱ ነው። በኦሊምፒክ የተሰለፈ ጋላቢ የአራት ዓመት ፈረሱን ይዞ ከጎረቤት ከመጣች ተማሪ ቀጥሎ ተራውን ይጠብቃል። ሌላ መንገድ የለማ! በ2023፣ ከትልልቆቹ የኢቬንቲንግ ውድድሮች አንዱ በሆነው ባድሚንተን፣ ሜዳው በጭቃ በተዋጠበት ዓመት፣ ሮስ ካንተርን ለድል ያበቃት ሎርድሺፕስ ግራፋሎ የተባለው ፈረስ ነው፤ በ2025 ደግሞ እዚያው መልሰው አሸነፉ። እንደዚህ ያለ ፈረስ ሁሉ አንድ ቀን ለጋ ነበር፣ አንድ ቀን የመጀመሪያውን ኩሬ ፊት ለፊት አይቷል። ዝናቡ ከትልቁም አይመለስም፤ ባድሚንተንን ራሱን በ1963 ወደ አንድ ቀን ውድድር አውርዶታል፣ በ2012 ጨርሶ አስቀርቶታል።

አደጋ የለውም አልልም። አለው። ለዚህ ነው ጋላቢው ያለ ሄልሜትና ያለ ደረት መከላከያ የማይነሳው፤ ብዙዎች ሲወድቁ በአየር የሚነፋ ሰደርያ ይደርቡበታል። ከባድ ምት ሲያርፍባቸው ተላቀው እንዲወድቁ የተሠሩ መሰናክሎችም አሉ። ዛሬ በአገር አቋራጩ የወደቀ ጋላቢ ውድድሩ እዚያው ያበቃል፤ ተነስቼ ልቀጥል አይባልም። በእያንዳንዱ መሰናክል ዳር ደግሞ አንድ ሰው ሬዲዮ ይዞ ተቀምጧል፣ አብዛኛው በፈቃደኝነት የመጣ፣ ያለ ክፍያ፣ ቀኑን ሙሉ ዝናብ እየወረደበት። ፈረስ ባለፈ ቁጥር ወረቀቱን በላስቲክ ከልሎ ምልክት ያደርጋል። አንዷ አሮጊት ከቴርሞሷ ሻይ ቀድታ ሰጠችኝ፤ የሚመጣው ፈረስ እስኪያልፍ ድረስ ግን አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ትክክል ናት!

እንግዲህ የምትሄዱ ከሆነ፣ እና ትሄዳላችሁ፣ ወቅቱ በግምት ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ነው፤ መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ጭቃው ይበዛል። ጃንጥላ ተዉ፣ ፈረስ ያስደነብራል፤ ባለ ቆብ የዝናብ ካፖርት ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ድሬሳዡን ተመልከቱና አንድ ፈሪ ፈረስ ምረጡ፤ ደፋሩን አይደለም፣ ፈሪውን። ቁጥሩ የጋላቢው ደረት ላይ አለ፤ ያዙት። የመሰናክል ዝላዩን ካያችሁ በኋላ ወደ ውሃው ቀድማችሁ ውረዱና በመውጫው በኩል፣ ከገመዱ ውጪ፣ የፈረሱ ጆሮ በሚታይበት ቦታ ቁሙ። ቁጥራችሁ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ግን ምንም ነገር አትጠጡ፣ ስልካችሁንም አታንሡ፤ ሁለት ሴኮንድ ነው፣ ያመልጣችኋል!