ከወንጌል ኅዳግ ላይ የትውልድ ሐረግን መፈለግ

በኢትዮጵያ ደጋ ክርስቲያኖች ዘንድ የትውልድ ሐረግ በቃል ይቆጠራል። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ስላለ ስድስትና ሰባት አያቶቹን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ወደ ላይ መሻገር የሚፈልግ ግን የቆየ የልደትና የሞት መዝገብ አያገኝም። ያለው የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ነው። የርስት ሽያጭ፣ የጉልት ስጦታና የኑዛዜ ቃል በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጻፍ ነበር፤ በቅዱስ መጽሐፍ የሰፈረውን ውል መካድ ይከብዳልና።

ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ። በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው ሥራ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት አሉት። የመጀመሪያዎቹ 5,000 በ10 ቅጾች በታተመ ካታሎግ ተዘርዝረዋል፤ የዚህ ድካም ትልቁ ድርሻ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነው። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰበሰባቸው ፓሪስ ይገኛሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወደ መቅደላ ካጋዟቸው መካከል ደግሞ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ ለንደን የወሰዳቸው አሉ። ስለዚህ የአንድ ጎንደሬ ቤተሰብ የርስት ውል ለንደን ቢገኝ አያስገርምም።

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው የአያቱን ስም በመፈለጊያው ሳጥን መጻፉ ነው። ካታሎጉ የሚገልጸው መጽሐፉን ነው፤ በኅዳጉ ያሉትን ሰዎች «የመሬት ሽያጭ ማስታወሻዎች» ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። ልጅ የአባቱን ስም እንጂ የወል የቤተሰብ ስም ስለማይወርስም አንድ ስም ዘሩን ሁሉ አያወጣም። የሚፈለገው ደብሩ ነው። ቤተሰቡ የት ተቀበረ? ለየትኛው ታቦት ያገለግል ነበር? ርስቱስ በየትኛው አጥቢያ ነበር? የደብሩ ስም ከታወቀ በዚያ ስም የተመዘገቡት መጻሕፍት ይወጣሉ፤ ቀሪው ቅጠል በቅጠል መግለጥ ነው። ዋናው ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ያሉት ቅጠሎች ቀድመው ይታያሉ። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ምሁራን «ገ»ን እንደ «ጋ» ሊያስነብቡት ስለሚችሉ፣ ፍለጋው በሁለትና በሦስት አጻጻፍ ይደገማል። ሀ፣ ሐና ኀም እንዲሁ ይፈራረቃሉ።

ውሉ ሻጩን፣ ገዢውን፣ በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ የተቆረጠውን ዋጋ፣ ከዚያም ዳኛውንና ምስክሮቹን ይዘረዝራል። ምስክሮቹን መዝለል ትልቅ ጥፋት ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ከዚያ መካከል ይገኛልና። ዘመኑ ብዙ ጊዜ በንጉሡ፣ በደብሩ አለቃና በወንጌላዊው ይነገራል። «በኢያሱ መንግሥት፣ በዘመነ ማቴዎስ» የሚል ቃል ቢገኝ መጀመሪያ የትኛው ኢያሱ እንደሆነ መለየት አለበት። ዳግማዊው ከሆኑ በንግሥናቸው ዘመን፣ ከ1723 እስከ 1747 ዓ.ም.፣ ስድስት የማቴዎስ ዓመታት አሉ፦ 1725፣ 1729፣ 1733፣ 1737፣ 1741ና 1745። ከስድስቱ አንዱን የሚያስለየው የአለቃው ወይም የዳኛው ስም ነው።

የቃል ቆጠራ በአባት በኩል ሲያዘነብል የእናቶች ስም ይጠፋል። ርስት ግን በእናትም በአባትም ይወረስ ነበር፤ በጎንደር ዘመን ውሎችም ሴቶች ሻጭ፣ ገዢና ወራሽ ሆነው ይታያሉ። ለብዙ ቤተሰብ ትልቁ ግኝት ይህ ነው፦ በቃል «የእገሌ ሚስት» ብቻ የነበረችው ሴት በስሟና ከነርስቷ ትገኛለች።

ስሙ ተገኘ ማለት ግን ሰውየው ተገኘ ማለት አይደለም። አንድ ሰው የዓለም ስምና የክርስትና ስም አለው፤ ጸሎት ውስጥ የሚገባው የክርስትናው ነው። ወልደ ሚካኤልና ገብረ ማርያም የሚባሉ በአንድ አጥቢያ ብዙ ናቸው፤ የአባት ስም፣ የመሬቱ ስምና ቢያንስ አንድ የታወቀ ዘመድ ካልገጠሙ ግንኙነቱ በግምት ይያዛል። መጽሐፉ ሲሸጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በቦታው የአዲሱ ይገባል። የፍቀቱ ጥላ በጥቁርና ነጭ ማይክሮፊልም እምብዛም አይለይም፤ በቀለም የተነሣ ምስል ካለ አጉልቶ ማየት ይረዳል፤ ከሌለም የመጽሐፉን ቁጥርና ቅጠሉን መዝግቦ ዋናው ብራና ወዳለበት ደብር መሄድ ያሻል።