ምስጋና ለግቢ ጉባኤ

ከጫት ሱስ ለሚላቀቅ ተማሪ ከባዱ ነገር ጫቱን መተው ብቻ አይደለም፤ በርጫው ይዞት የነበረውን ከሰዓት፣ ጨብሲው ይዞት የነበረውን ምሽት፣ አብረውት ይቅሙ የነበሩትን ጓደኞች የሚተካ ማግኘትም ነው። የኦርቶዶክስ ተማሪዎች መሰባሰቢያ የሆነውን የግቢ ጉባኤን ሥራ የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በየዩኒቨርሲቲው የሚያስተባብራቸው እነዚህ ጉባኤያት ባዶውን ምሽት በትምህርትና በመዝሙር ይሞሉታል። የንስሐ አባት ያለፈውን ሰምቶ ቀኖና ይሰጣል፤ ዳግም የወደቀውንም አይገፋም። የጉባኤው ልጆች ከጉባኤ የቀረውን ዶርሙ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። ሐኪምና አማካሪ የሚያስፈልገው አለ፤ ጉባኤ ያንን አይተካም። ነገር ግን በኀፍረት የተሸሸገን ወጣት «ወንድማችን» ብሎ መቀበል የመዳን መጀመሪያ ነው። ከጥናት ሰዓታቸው ቆርሰው ይህን በነጻ የሚያደርጉ ተማሪዎች ክብር ይገባቸዋል።