«እንደራሴ»፣ «ባሕር ነጋሽ»፣ «ገራድ»፦ ማዕርግን ሁሉ «አገረ ገዥ» ስለማለት

የቀደሙት ነገሥታት ሩቅ ግዛቶችን እንዴት ያስተዳድሩ እንደ ነበር የሚተርኩ ጽሑፎቻችን፣ የየአካባቢውን ሹማምንት ማዕርግ «አገረ ገዥ» በሚል አንድ ቃል መተርጎምን ልማድ አድርገውታል። ልማዱ ለአንባቢ ይመቻል፤ ነገር ግን ሥልጣኑ ከማን እንደ መነጨ ይሰውራል። ሦስት ማዕርጎችን መመርመር ለዚህ ይበቃል።

«እንደራሴ» የተገነባው «እንደ» ከሚለው መስተዋድድ፣ «ራስ» ከሚለው ስምና ከአንደኛ መደብ አገናዛቢ ምዕላድ ነው። በቃሉ ውስጥ የሚናገረው ላኪው ንጉሥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1535 ሜክሲኮን እንዲያስተዳድር የተሾመው የአንቶኒዮ ዴ ሜንዶዛ የስፓኝ ማዕርግ «ቪሬይ»፣ ማለትም «ምክትል ንጉሥ» ነበር፤ ይህ ግን ሹመቱን በሦስተኛ ወገን አንደበት ይሰይማል። እ.ኤ.አ. በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትዋሐድ ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሲባሉ፣ የሥልጣናቸው ምንጭ በማዕርጉ ምዕላድ ላይ ተጽፎ ነበር።

«ባሕር ነጋሽ» ከዚህ ይለያል። «ነጋሽ» ከ«ነግሠ» የወጣ የአድራጊ ስም ነው፤ ግዛቱን እንጂ ላኪውን አይጠቅስም። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሚናስ ላይ ሸፍቶ ከኦቶማኖች ጋር ያበረውን ባሕር ነጋሽ ይስሐቅን «አገረ ገዥ» ብሎ መጥራት፣ ማዕርጉ የያዘውን የንግሥና ቃና ያጠፋዋል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው «ገራድ» ላይ ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ዜና መዋዕል፣ የሐድያው ገራድ መሕመድ ልጅ ገራድ ማሒኮ ግብር እንደ ከለከለና በምትኩ አጎቱ ባሞ እንደ ተሾመ ይተርካል። ማሒኮን «አገረ ገዥ» ካልነው ጌታውን የከዳ ሹም ይሆናል፤ «ባላባት» ካልነው ግን ከአባቱ ቤት የወረሰውን የሚከላከል ሰው ይሆናል። ዐመፀኛውን ከባለመብት የሚለየው ፍርድ፣ ማስረጃ ሳይቀርብ በተርጓሚው ብዕር ተሰጠ ማለት ነው። ጸሐፌ ትእዛዙ የአገሬውን ቃል እንዳለ መተዉ ከእኛ ትርጉም ይልቅ ጥንቁቅ ነው።

ሐርጌሳ ላይ ይህ የሩቅ ዘመን ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሶማሊኛ «ገራድ» ከ«ሱልጣን» እና ከ«ኡጋዝ» ጎን ለጎን እስከ ዛሬ የሚሠራበት የጎሳ መሪ ማዕርግ ነው፤ «ማስተዋል» የሚል ፍችም አለው። ሆኖም የቃሉ መመሳሰል የሥልጣኑን አንድነት አያስረዳም። የዛሬውን የሶማሌ ገራድ መልክ በ15ኛው መቶ ዓመት ሐድያ ላይ መለጠፍም ሌላ ስሕተት ነው።

ለአጠቃላይ አንባቢ ማብራሪያ እንደሚያስፈልግ አይካድም። ማብራሪያው ግን ማዕርጉን ሊተካው አይገባም። ቃሉ እንዳለ ይጻፍ፤ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ስፍራ ማን እንደሚሾም፣ ሹመቱ ይወረስ እንደሆነና ግብሩ ለማን እንደሚገባ በአጭሩ ይገለጽ። ምንጩ ከእነዚህ አንዱን ካልነገረን፣ ያ ክፍተት በትርጉማችን ውስጥ ይታይ እንጂ በ«አገረ ገዥ» አይደፈን።