የቁጥር መረጣ ጥበብ

ሰኔ ሲያልቅ ልጆች ይዘውት የሚመጡት የክረምት ክለሳ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፍ እንዳለ የተገለበጠ ነው። አሁን ፊቴ ያለው ግን ሌላ ነው። አንዲት የአራተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት በእጃቸው ጽፈው ያባዙት ነው። በአንድ ገጽ ስምንት ጥያቄ ብቻ አለው፤ ከየጥያቄው ሥር ልጅ እንደ ልቡ የሚሠራበት ሰፊ ቦታ ተትቷል። ምርጫ ስለሌለው ገምቶ ማክበብ አይቻልም። መደመሩ፣ መቀነሱ፣ ማካፈሉ ተደባልቆ የመጣ በመሆኑም ልጁ ጥያቄውን ሳያነብ እጁ ወደ ስሌት አይሮጥም።

እስቲ ይህችን እዩ፦ 403 ሲቀነስ 158። መልሱ 245 ነው። በየቤቱ ከትልቁ ትንሹን መቀነስ የለመደ ልጅ 355 ይላል። አስር ቤትን ዘሎ ከመቶ ቤት የተበደረና ዜሮው ጋ ሲደርስ ገልብጦ የቀነሰ ደግሞ 255 ይጽፋል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሕመማቸው ግን ለየቅል ነው፤ መምህርቷም መልሱን ብቻ አይተው ይለዩታል። ይህን ሁሉ የምታወጣው መሃል ላይ የተቀመጠችው ዜሮ ናት። በስድስት ብትተካ መበደሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆንና ሁለተኛው ችግር ተሸሽጎ ያልፋል። ዜሮዋ በአጋጣሚ የገባች አይደለችም።

ማካፈሉ ላይ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነገር አለ። አንድ አግዳሚ ወንበር 4 ልጅ የሚይዝ ከሆነ ለ26 ልጆች ስንት ወንበር ያስፈልጋል? 7። ከጥቂት ገጾች በኋላ 26 ሜትር ገመድ በ4 በ4 ሜትር ቢቆረጥ ስንት ሙሉ ቁራጭ ይወጣዋል? 6። ስሌቱ ያው ነው፤ 6 ደርሶ 2 ይቀራል። ሁለት ልጆችን አቁሞ መተው ግን አይቻልም፤ ሁለት ሜትር ገመድ መተው ይቻላል። ጥያቄዎቹ ጎን ለጎን ቢሆኑ ልጁ ወዲያው ይነቃባቸው ነበር፤ ስለዚህ ተራርቀዋል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት የመጨረሻውን ነው። ሐምሌ 1 ሰኞ ቢውልና ጳጉሜን 5 ቀን ብትሆን እንቁጣጣሽ በምን ቀን ይውላል? 30፣ 30 እና 5 ሲደመሩ 65 ናቸው፤ ለ7 ሲካፈሉ 9 ሳምንት ሆኖ 2 ይቀራል። ከሰኞ ሁለት ቀን ሲቆጠር ረቡዕ። ወንበሩ ላይ ወደ ላይ የተሞላው፣ ገመዱ ላይ የተጣለው ቀሪ እዚህ ራሱ መልስ ሆኖ መጣ! ከሥሩ «ጳጉሜን 6 ብትሆንስ?» የሚል ተጨምሯል፤ ሐሙስ። በዓሉን በጉጉት ለሚጠብቅ ልጅ ይህ የቤት ሥራ አይመስለውም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ 355 ብሎ ቢጽፍ እባካችሁ በላጲስ አጥፍታችሁ 245 አታስጽፉት። ስህተቱ እንዳለ ይቆይና መስከረም ላይ መምህርቷ ይዩት።