ሕፃኑ ምድጃውን ሲመረምር

ጥበበ እድን ለሕፃናት የሚያስተምር መምህር ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው፥ በሰው እጅ የተሠራ ዕቃ ሁሉ በመጀመሪያ በልቡና የታሰበ፥ ከብዙ አሳብ የተመረጠና በእሳትም በውኃም የተፈተነ መሆኑን ነው፤ ይህን ያልተረዳ ልጅ መቀስና ሙጫ ቢይዝም፥ የሌላውን አሳብ ከመድገም አያልፍም።

እኔ በናይሮቢ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎቼ ይህን የማስተምረው፥ በካሙኩንጂ ሠፈር ያሉ፥ ጁዋ ካሊ የሚባሉት የእጅ ባለሙያዎች ከቆርቆሮ ቀጥቅጠው በሚሠሩት፥ ጂኮ በሚባለው የከሰል ምድጃ ነው። ምድጃውን በፊታቸው አኑሬ፥ ወገቡ ስለ ምን ጠበበ? በታች ያለችው በር ለምን ትከፈታለች? ሸክላው ስለ ምን በላይኛው ክፍል ብቻ ሆነ? ብዬ ጠይቄ ዝም እላለሁ። ጥቂት ቆይተው፥ ጠባቡ ወገብ ሸክላውን እንደሚደግፍ፥ ሰፊው መቀመጫ ወጥ ሲማሰል እንዳይገለበጥ እንደሚጠብቅ፥ በሯ አየር እንደምታስገባ፥ ሸክላውም ሙቀቱ በቆርቆሮው በኩል እንዳይባክን እንደሚከለክል በየተራ ይደርሱበታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የታይላንድን ምድጃ አሳብ የኬንያ ቀጥቃጮች ለአገራቸው ማብሰያ እንዳስማሙት፥ ከዚያም አሳቡ ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ ላቀች የተባለው ምድጃ እንደተገኘ የምነግራቸው ከዚህ በኋላ ነው።

ወደ ሥራ ሲገቡ አርአያ አላሳያቸውም፤ የመምህሩ ሥራ በጠረጴዛ ላይ ከታየ አርባው ልጅ አርባ ጊዜ እርሱኑ ይሠራልና። የቅኔ መምህር ለደቀ መዝሙሩ መንገዱን አሳይቶ ቅኔውን ከራሱ ልቡና እንዲያፈልቅ እንደሚያዝዘው ሁሉ፥ እኔም ሽቦ፥ ካርቶንና ጭቃ ሰጥቼ፥ ዕቃው ለማን እንደሚሆን ብቻ እንዲነግሩኝ እሻለሁ፤ ለዐይነ ስውር አያት ወይም ለታናሽ እኅት የሚሠራ ልጅ፥ የሰውን ችግር ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ኬንያ በሥራ ላይ የዋለው በችሎታ ላይ የተመሠረተው ሥርዓተ ትምህርት ለእጅ ሥራ ሰፊ በር ከፍቷል፤ ነገር ግን ወላጅ በሌሊት ሠርቶ በማለዳ የሚልከው ያማረ ዕቃ ሕፃኑን ከትምህርቱ ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ስለዚህ ማርክ የምሰጠው ለውበቱ አይደለም፤ ልጁ ምን እንዳሰበ፥ የቱ እንደ ተበላሸበትና ስለ ምን እንደ ለወጠው ሲያስረዳኝ ነው። ያዘነበለች መደርደሪያ ሠርቶ ስለ ምን እንዳዘነበለች የሚያውቅ ሕፃን፥ ነገ የሚያቀናትም እርሱ ነው።